የይስማው ክንፍ

ደምሌ ከጀርመን ተመልሶ ሳምንት ሳይሞላው የትምህርት ቤቱን አዳራሽ ሰው ሞላው። በእስቴዋ ከተማ በመካነ ኢየሱስ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው መጀመሪያ ቤቱ ይገባል፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ ከዚያ እሱ በሌለበት ሐዘን የደረሰበትን ሰው ቤት ይጠይቃል። ደምሌ ግን ቤቱ ገባ፣ ፀጉሩን ተስተካከለ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ አዳራሹ መጣ። ምክትል ርዕሰ መምህር ስለሆነ የአዳራሹ ቁልፍ በእጁ ነው፤ ፕሮጀክተሩም እንደዚያው።

ማንአለሽ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ጥቁር ልብሷን ያየ ሁሉ የፊቱን ወንበር ሊለቅላት ተነሣ፤ እሷ ግን በእጇ ምልክት መለሰችው። የሒሳብ መምህርት ናት። ባሏ ይስማው በዚያው ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምር ነበር፤ የሞተውም ደምሌ ጀርመን ሳለ ነው። ደምሌ ለቅሶ እንዳልደረሳት አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ግማሹ ሰው ግድግዳውን፣ ግማሹ ደግሞ የእሷን ፊት ያይ ነበር። ፊቷን ያየ ምንም አላገኘበትም። ፈተና እንደሚቆጣጠር ሰው እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

"ይኼ ከተማ ሲንስሃይም ይባላል" አለ ደምሌ፣ አዲሱን ሱፉን እየጎተተ። "አውሮፕላኑን ታያላችሁ? ኮንኮርድ ነው። የት ያስቀመጡት ይመስላችኋል? ጣሪያ ላይ! እኛ ጉልላት እንደምናወጣው አድርገው ነው ቤቱ አናት ላይ ያወጡት።"

ግድግዳው ላይ የሚታየው ደምሌ ነበር። ከግራ ጆሮው ጀርባ አንድ ሹል ነጭ ነገር ብቅ ብሏል። የቀረውን አውሮፕላን እሱ ጋርዶታል።

"ጉልላትስ መስቀል አለበት" አሉ ከፊት የተቀመጡት ቄስ ፈንታው። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ስለሆኑ ነው የተጠሩት። "ይኼ ለምን ተብሎ ነው የወጣ?"

"ለጎብኚ ነው አባ። ሰው ትኬት ቆርጦ ይወጣበታል።"

"ወጥቶስ?"

"ወጥቶማ... ይወርዳል።"

ተማሪው ሳቀ። ደምሌ ሳቁን ለራሱ ወስዶ ቀጠለ። ሽፓየር የሚባል ከተማ ሄዷል፤ እዚያ ደግሞ ጃምቦ የሚሉትን አውሮፕላን በብረት ምሰሶ ላይ ሰቅለውታል። ባሕር በሌለበት ከተማ መካከል ሰርጓጅ መርከብ አይቷል። ባቡር አይቷል፣ የእንፋሎት ሞተር አይቷል፣ ታንክ አይቷል። ሥዕሉ ሁሉ ግን ያው ነበር። ደምሌ ይስቃል፤ ከትከሻው ወዲያ የአንድ ትልቅ ነገር ጫፍ ይታያል።

"መምህር" አለች ትዝታ የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። የይስማው የሳይንስ ክበብ መሪ ናት። "ጃምቦው ሞተሩ ስንት ነው?"

"ሞተሩ እዚህ ፎቶ ላይ አልወጣም።"

"እርስዎ ቆመውበት ነዋ።"

ዝም በሉ እስኪባል ድረስ ተሣቀ። ማንአለሽ አልሣቀችም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይኼኛው ደግሞ ከማያውቀው አገር ተመልሶ ነው ቁርበት የሚያስነጥፈው፤ ይኼን እያሰበች ነበር። ሌላም ነገር ትጠብቅ ነበር። ይስማው የለመነው የሙኒኩ ፎቶ መቼ እንደሚመጣ። ሙኒክ መጣ፤ አለፈ። የምትፈልገው አልነበረበትም። ምናልባት ለሕዝብ የማይሆን መስሎት በስልኩ ይዞት ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች።

መጨረሻ ላይ ደምሌ ድምፅ ማጉያውን ወደ አፉ አስጠጋ።

"እኔ ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ፈረንጅ ዕቃ አይጥልም። ይሰቅላል! ስለዚህ እኛም በዚህ አዳራሽ ሙዚየም እንከፍታለን። የመጀመሪያው ቅርሳችን የወንድማችን የይስማው ክንፍ ይሆናል። ከዚህ ጣሪያ ላይ በሽቦ እንሰቅለዋለን፣ ዙሪያውን ገመድ እናደርጋለን፣ ማንም አይነካውም። ከዞን እንግዶች ሲመጡ ይመረቃል።" ጭብጨባው ሲያልቅ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ጨመረ፤ "ነፍስ ይማር።"

ያለ ድምፅ ማጉያ እስካሁን አላላትም። ማንአለሽ ተነሥታ ወጣች።

*

ክንፉ የተጀመረው ካቻምና ክረምት ነው። ይስማው የስማዳ ሰው ነበር፤ ወገዳ ተወልዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ ማንአለሽን ያገኛትም እዚያ ነው። ሞተር ያለው አውሮፕላን ሳይፈጠር በፊት ከዛፍ ቅርንጫፍና ከጨርቅ ክንፍ ሠርቶ ከኮረብታ ላይ ይንሳፈፍ ስለነበረ ሊሊየንታል ስለሚባል ጀርመናዊ ያላነበበው አልነበረም። አንድ ቀን ለክበቡ ልጆች "እኛስ?" አላቸው። ቀርከሃ ከእንጅባራ አስመጣ። አቡጀዲ ገዛ። ጨርቁ ነፋስ እንዳያሳልፍ ሰም ቀለጠና ልጆቹ በእጃቸው ቀቡት፤ ቤቱ ለወራት ቤተ መቅደስ ቤተ መቅደስ ሸተተ።

ዝናቡ ስለማያሠራ ሥራው በይስማው ቤት ትልቁ ክፍል ውስጥ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ክንፉን ወደ ሜዳ እናውጣ ሲሉ በሩ ጠበባቸው። ይስማው ራሱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ማንአለሽ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን የሣቀችበት ጊዜ ጥቂት ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ የፊዚክስ መምህር፣ የሒሳብ መምህርት አግብቶ፣ አንዳቸውም በሩን አልለኩም።

"የሊሊየንታል ይታጠፍ ነበር" አለ ይስማው ከዚያ በኋላ። "እንደ ጃንጥላ። ጎድኖቹ አንድ ቦታ ተገናኝተው ነው የሚታጠፉት። እንዴት አድርጎ እንዳገናኛቸው ነው ያልገባኝ። ፎቶ የሚያነሣው ሁሉ ከፊት ወይ ከሩቅ ነው የሚያነሣው።"

የሌሊት ወፍ ክንፍ ያሉትን ያንን የቀርከሃ ጎድን ፈታ፣ አሰረ፣ ሰነጠቀ፣ ጣለ። በዚህ መሐል የክበቡን ሥራ በቪዲዮ ያየ አንድ የጀርመን ማኅበር አንድ መምህር የአቪዬሽንና የቴክኖሎጂ ሙዚየሞችን እንዲጎበኝ ጋበዘ። ይስማው ፓስፖርቱን ተቀበለ። ከዚያ ታመመ። ሕመሙ አጭር ነበር፤ ጉዞውን ለሌላ የሚያስተላልፍበት ጊዜ ግን ሰጠው። ሌላው ደምሌ ሆነ። ደምሌ በሙያው የሥነ ዜጋ መምህር ነው፤ ስለ ክንፍ የሚያውቀው ዶሮ እንዳላት ነው።

"ሌላ ምንም አልፈልግም" አለው ይስማው ከአልጋው። "ሙኒክ ያለው ሙዚየም ውስጥ የሊሊየንታል ክንፍ አለ። ጎድኖቹ የሚገናኙበትን አንሣልኝ። ከሥሩ ነው፣ ሰማህ ደምሌ? ከፊቱ አይደለም። ከሥሩ።"

"አንድ ፎቶ ነው እንዴ የምትለምነኝ? በቪዲዮ ነው የማመጣልህ።"

ኔትወርክ ሲመጣ ሲሄድ ቆይቶ አንድ ቀን የይስማው ስልክ ጮኸ። ማንአለሽ አንሥታ አሳየችው። ደምሌ ከኮንኮርድ ፊት አውራ ጣቱን አቁሞ ይስቃል። ይስማው ስልኩን በሁለት እጁ ተቀብሎ ረዘም ላለ ጊዜ አየው።

"አምሮበታል" አለ።

ሌላ ፎቶ ሳይመጣ ሞተ። ይህን "አምሮበታል" ማንአለሽ ለማንም አልነገረችም።

በአርባው የይስማውን ልብስ ለነዳያን ሰጠች። ጫማውን፣ ካፖርቱን፣ የእጅ ሰዓቱን ሳይቀር። ክንፉን ግን አንሶላ አልብሳ ክፍሉን ቆለፈች። ትዝታና የክበቡ ልጆች "ቲቸር፣ እንቀጥል?" ብለው ሲመጡ "ፎቶው ሲመጣ" አለቻቸው። ፎቶው ከመጣ ክንፉ ይታጠፋል፣ ከታጠፈ በበሩ ይወጣል፤ ይስማው የጀመረው እሱ ባሰበው መንገድ ያልቃል። ደምሌን የጠበቀችው ለዚህ ነው። ለቅሶውንስ ቢያስቀረው አይጎድልባትም።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደምሌ ቄስ ፈንታውን አስከትሎ በግቢው በር ብቅ አለ። በእጁ ስልኩን ይዟል፤ መስታወቱ ይበራል።

ጎረቤቷ እትዬ አልጣሽ ከአጥሩ ወዲያ ስንዴ ሲያሰጡ አዩት። በእስቴ ደንብ ሐዘን ሲሆን ያልነበረ ሰው ከሩቅ ሲደርስ ለቅሶው እንደ አዲስ ይቀሰቀስለታል፤ ዝም ብሎ ገብቶ መቀመጥ የለም። እትዬ አልጣሽ ሰፌዱን ጣሉት።

"ወዬው ይስማው! ወዬው ወንድሜ!" ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በአጥሩ ቀዳዳ ገቡ። ድምፁን የሰሙ ሴቶች ከየቤቱ ወጡ።

"ተነሥ እንጂ ይስማው ባልንጀራህ መጣ፣
ያየውን ሊነግርህ ከሰው አገር ወጣ።"

ደምሌ ከበሩ ላይ ደረቀ። ምን እንደሆነ የገባው ዘግይቶ ነው። ስልኩን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረ፣ ኪሱ ከተተ፣ አወጣው፣ መልሶ ከተተ። ከዚያ መሐረቡን ዓይኑ ላይ አደረገ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የደምሌ ግን ገደደ። ትከሻው ይነቀነቃል፤ መሐረቡ ደረቅ ነው። ማንአለሽ ከደጃፏ ላይ ቆማ አየችው። እሷ ሰው ፊት አታለቅስም፤ እሱ ደግሞ ሰው ፊት ካልሆነ አያለቅስም። ይኼን ሰው ነው የጠበቅሁት፣ አለች በልቧ።

ጸጥ ሲል ገብተው ተቀመጡ።

"እግዜር ያጽናሽ እህቴ" አለ ደምሌ። "ይኸው ሥራው በዝቶብኝ..."

"ምኑ ነው የበዛብህ?" አሉ እትዬ አልጣሽ አፍንጫቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። "አውሮፕላኑን ጣሪያ ላይ ያወጣኸው አንተ ነህ እንዴ?"

"እትዬ አልጣሽ፣ እርስዎ ደግሞ..."

"ኧረ እኔስ ምን አልኩ።"

ማንአለሽ ቆሎ አቀረበች። እንግዳው እስኪዘግን ጠብቃ "የሙኒኩን ፎቶ አሳየኝ" አለችው።

የደምሌ ፊት በራ። ሐዘኑ ከፊቱ ላይ እንደ አቧራ በረረ። "ሙኒክማ ብዙ ነው! ይኸውልሽ፣ ይኼ መግቢያው ነው። ይኼ ደግሞ..."

"የሊሊየንታልን ክንፍ።"

ጣቱ መስታወቱን ገፋ፣ ገፋ። ደምሌ በባቡር ፊት፣ ደምሌ በሞተር ፊት፣ ደምሌ አይስክሬም ይዞ። "ይኸው!" አለ በመጨረሻ፣ ስልኩንም ሰጣት።

ከደምሌ ትከሻ ግራና ቀኝ ሁለት ነጭ የክንፍ ጫፎች ወጥተዋል። እትዬ አልጣሽ አንገታቸውን አስግገው አዩ።

"ቅዱስ ሚካኤልን መስለሃል" አሉት። "ሰይፉ ነው የቀረህ።"

"አይባልም አልጣሽ" አሉ ቄስ ፈንታው። ግን እሳቸውም ፈገግታቸው እንዳይታይ ጢማቸውን ወደ ታች አድርገው ነበር።

"ጎድኖቹ የሚገናኙበት የት ነው?" አለች ማንአለሽ።

ደምሌ በጣቱ የገዛ ደረቱን አሳያት። "እዚህ ጋ ነው። ከኋላዬ።"

"ይስማው ከሥሩ አንሣልኝ ብሎህ ነበር።"

"የተሰቀለ ነው እኮ፣ ከላይ።"

"ከተሰቀለማ ከሥሩ ቆመህ ቀና ብትል ይታያል።"

"ቀና ብዬ ነበር..." ደምሌ ቆሎውን አላመጠ። "ቀና ብለሽ ስታነሺ ግን ፊት አይወጣም።"

ቤቱ ውስጥ ቆሎ የሚያኝክ ሁሉ ማኘኩን አቆመ። ማንአለሽ ስልኩን መለሰችለት። ይስማው ሁለት እጁን የዘረጋለት ነገር ይኼ ብቻ እንደነበረ አወቀች፤ ሌላ እንደማይኖርም አወቀች። አሁን የሚመጣ ፎቶ የለም።

ደምሌ ስልኩን ኪሱ ከቶ ሌላ ወሬ አነሣ። "ሰውዬው ወድቆ ነው አሉ የሞተው። አስጎብኚዋ ናት የነገረችን። ነፋስ ገለበጠው።"

"ሚስቱስ?"

"የማን?"

"የሰውዬው።"

ደምሌ አሰበ። ወደ ቄሱ አየ። "ስለ ሚስቱ የተጻፈ አላየሁም" አለ።

ማንአለሽ ራሷን ነቀነቀች፤ የጠበቀችውን መልስ የሰጠ ተማሪ ይመስል።

"እንግዲህ አባ" አለ ደምሌ፣ ነገሩ የለሰለሰ መስሎት፣ "የመጣንበትን ይንገሩልኝ። ስለ ክንፉ።"

"የመጣንበትን?" ቄስ ፈንታው መቋሚያቸውን አስተካከሉ። "እኔን ያስከተልከኝ ለቅሶ ልትደርስ መስሎኝ ነው።"

"ለቅሶውም አለ። ግን ክንፉ ለሙዚየሙ..."

"ስማ ልጄ። እኛ የሙት ልብስ እንመጸውታለን እንጂ አንሰቅልም። ለብሶት የሚሄድ ሰው ይፈለጋል። የተሰቀለ ልብስ ማንን ያሞቃል?" ከዚያ ወደ ማንአለሽ ዞሩ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "አንቺም ብትሆኚ ልብሱን ሰጥተሻል፤ የባረክሁት እኔ ነኝ። ያን የቆለፍሽውን ግን ለማን እንደምታኖሪው አላወቅሁም።"

ይኼ ከደምሌ ጋር አንድ መደብ ላይ እንዳስቀመጧት ሆኖ ተሰማት፤ ፊቷን የሚያስቀይር ነገር ከተነገረ ያ ብቻ ነው። "ሰምቻለሁ አባ" አለች። ለደምሌ ግን አልራራችም። "ክንፉን አልሰጥም።"

"ማንአለሽ፣ እንግዶች ሊመጡ ነው። ሽቦው ተገዝቷል። ምን ልናሳያቸው ነው?"

"ከፎቶህ አንዱን አሳድገህ ስቀልላቸው።"

እትዬ አልጣሽ ሳቃቸውን ያዙ። ደምሌ ግን ቅንድቡን ሰብስቦ ጥቂት አሰበበት።

"እሱስ ክፉ ሐሳብ አይደለም" አለ።

*

ሲሄዱ ማንአለሽ ቁልፉን አውጥታ ትልቁን ክፍል ከፈተች።

መስኮቱ እንደተዘጋ ነው። ክንፉ አንሶላውን ለብሶ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቷል። ዙሪያው ተጠርጓል፤ እሷ ናት የምትጠርገው፣ ክንፉን ሳትነካ፣ መጥረጊያውን በጠርዝ በጠርዙ እየሳበች። እትዬ አልጣሽ ወንፊት ሊወስዱ በመጡ ጊዜ እንኳ እዚህ አላስገባቻቸውም። ልጆቹን በደጃፍ መልሳለች። ገመድ አልዘረጋችም እንጂ የቀረ የለም፤ ደምሌ ቢያየው በእሷ ይኮራ ነበር። የጀርመኖቹስ ቢያንስ ጎብኚ ይገባበታል።

ያን ያህል የናቀችውን ሰው ሥራ ከእሱ ቀድማ፣ ከእሱ አሳምራ ስትሠራው መክረሟን አየች። በሩን ክፍት ትታ ወጣች።

በነጋታው ከክፍል ስትወጣ ትዝታን ጠራቻት።

"ከሰዓት በኋላ የክበቡን ልጆች ይዘሽ ነይ።"

"ፎቶው መጣ እንዴ ቲቸር?"

"ፎቶ የለም።"

"እና ልናየው ነው?"

"ልንፈታው ነው።"

ትዝታ አፏን ከፈተች። "ጋሽ ደምሌ ቅርስ ነው ብለዋል እኮ። አይነካም ብለዋል።"

"ሰም የቀባሽው በማን እጅ ነው?"

"በራሴ።"

"እንግዲያ ይዘሽው ነይ።"

ልጆቹ መጡ። ይስማው በነበረበት ጊዜ እየተጋፉ የሚገቡበትን ክፍል አሁን አንድ በአንድ፣ ጫማቸውን በር ላይ እየጠረጉ ገቡ። ማንአለሽ መስኮቱን ራሷ ከፈተች። አንሶላውን ሳበች። የሰሙ ሽታ ሲወጣ አንዷ ልጅ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ማንአለሽ ግን "ስፌቱን ከጫፍ ጀምሩት" አለች፣ ሰሌዳ ላይ ጥያቄ እንደምትጽፍ ሁሉ።

አቡጀዲውን ፈቱት። ሰሙ ደርቆ ስለነበረ እንደ ቅጠል እየተንኮሻኮሸ ተላቀቀ። ከሥሩ ቀርከሃው ወጣ። ጎድኖቹ ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ እዚያ ጋ ይስማው በጠፍር ጠምጥሞ አስሯቸዋል። ጠፍሩ እርጥብ ሆኖ ታስሮ ነው የደረቀው፤ አሁን እንደ ቀንድ ጠጥሯል። ትዝታ ጥፍሯን ብትከት አልገባ አለ። ቢላዋ አነሣች።

"ልቁረጠው?"

ማንአለሽ ቋጠሮውን አየች። ጫፉ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ወደ ውስጥ ገብቷል። እንደዚህ አድርጎ የሚቋጥር ሌላ ሰው አታውቅም፤ የጫማውን ክር፣ የጆንያ አፍ፣ ያሰረው ሁሉ እንደዚሁ ነበር።

"አይቆረጥም" አለች። "ውሃ አምጪ።"

ጨርቅ ነክረው ጠፍሩ ላይ አደረጉና ተቀመጡ። ልጆቹ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ኋላ በጩኸት ማውራት ጀመሩ። ደምሌ በክፍት መስኮቱ በኩል ብቅ ያለው በዚህ ጊዜ ነው። ሜትር ይዟል። ለሽቦው ሊለካ ነው የመጣው፤ ትናንት አልሰጥም የተባለው ዛሬ ይቀየራል ብሎ ተስፋ አድርጎ። ወለሉ ላይ የተዘረጋውን አቡጀዲና የተራቆተውን ቀርከሃ አየ።

"ምንድን ነው የምትሠሩት? ቅርስ አጠፋችሁ እኮ! ማንአለሽ! በሰለጠነ አገር ቢሆን..."

"በዚህ በር እንዴት ልታወጣው ነበር?" አለችው ማንአለሽ፣ ቀና ሳትል።

ደምሌ በሩን አየ። ክንፉን አየ። ሜትሩን ዘርግቶ ከመስኮቱ ሆኖ ሊለካ ሞከረ፣ አልደረሰለትም።

"ለርዕሰ መምህሩ እነግራለሁ" አለ።

"ንገር።"

ሄደ። ልጆቹ ሊስቁ አፋቸውን ሲይዙ ማንአለሽ አልከለከለቻቸውም።

ጠፍሩ ራሰ። ማንአለሽ ጣቷን ከታጠፈው ጫፍ ሥር ሰደደች፤ መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም፤ ከዚያ ትንሽ ሰጠ። ሳበችው። አንዱ ዙር ላላ። ሁለተኛውን ልትፈታ ስትል ከእጇ ሥር ያሉት ጎድኖች ራሳቸው ወደ አንድ ወገን ተንሸራተቱ፤ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ።

"ቲቸር!" አለች ትዝታ። "ይተዉት፣ ይተዉት! አይፍቱት!"

ትዝታ በአንድ እጇ የዳሩን ጎድን ይዛ ወደ ውስጥ ገፋችው። ሁሉም ተከተሉት። ገልብጣ ሳበችው፤ ተዘረጉ።

"አጥብቆ አስሮት ነው" አለች ማንአለሽ ቀስ ብላ። "ሌላ ምንም አልነበረበትም።"

"የጀርመኑም እንደዚህ ነው?"

"እሱን አናውቅም።"

"ይቅርብን እንግዲህ" አለች ትዝታ፣ እንደ ባለሙያ ከንፈሯን እየመጠጠች። "ተነሡ፣ ያዙት!"

አቡጀዲውን ጠቅልለው ላዩ ላይ አድርገው ተሸከሙት። የታጠፈው ክንፍ በሩ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተያዘ፤ "ወደ ግራ፣ ዝቅ፣ ዝቅ በሉ" ተባባሉ፤ ከዚያ ወጣ። ግቢው ውስጥ የእትዬ አልጣሽ ድምፅ ተሰማ፤ "ኧረ በማርያም፣ ስንዴዬን እንዳትረግጡት!"

ማንአለሽ ባዶው ክፍል ውስጥ ቀረች። ወለሉ ላይ ክንፉ ተኝቶበት የነበረው ቦታ ከዙሪያው ጠቆር ብሎ ይታያል። እዚያ ላይ ቆመች። እጇ እርጥብ ነው፤ ሰምና ቆዳ ይሸታል። ወደ ፊቷ ልታስጠጋው አነሣችውና መሐል ላይ ያዘችው።

"ቲቸር፣ ነፋስ መጣ! ይምጡ እንጂ!"

"ከሁለቱም ወገን ያዙት" አለች፣ ክፍል ውስጥ በምትናገርበት ድምፅ፤ እጇንም በቀሚሷ አድርቃ ወጣች።